የመድኃኒት ተሸካሚ ቅንጣቶች ሽፋንና የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት

አንዳንድ መድኃኒቶች በደም ሥር የሚሰጡት ከስብ መሰል ንጥረ ነገር በተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ሆነው ነው። ሊፖሶም የሚባሉት እነዚህ ከረጢቶች አብዛኛውን ጊዜ 100 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ሲሆን፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ ያንሳሉ። መድኃኒቱ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚከማች ከሚወስኑት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የከረጢቱ የውጭ ሽፋን ነው።

ሰውነት ቅንጣቱን እንዴት ይለየዋል?

ባዕድ ቅንጣት ወደ ደም ሲገባ የደም ፕሮቲኖች ወዲያውኑ ይለጠፉበታል። ከፕሮቲኖቹ አንዳንዶቹ ቅንጣቱ መወገድ እንዳለበት የሚያመለክቱ ናቸው። በተለይ በጉበትና በጣፊያ የሚገኙት ማክሮፋጅ የተባሉ ተከላካይ ሕዋሳት ይህንን ምልክት ለይተው ቅንጣቱን ይውጡታል።

መዋጥ የማይፈለግበት ሁኔታ

ከረጢቱ ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለ ንጥረ ነገር ሲሸፈን በዙሪያው የውኃ ንጣፍ ይፈጠራል። በዚህም ምክንያት ፕሮቲኖች በቀላሉ አይለጠፉበትም፤ ማክሮፋጆችም ቶሎ አይውጡትም። ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በዚህ መልክ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ጥቅም ላይ እንዲውል ተፈቅዷል። በደም ውስጥ ለቀናት የሚቆይ ሲሆን፣ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከተለመደው ዶክሶሩቢሲን ያነሰ ነው። በአንጻሩ የእጅ መዳፍና የውስጥ እግር መቅላትና መቁሰል ሊያስከትል ይችላል።

መዋጥ የሚፈለግበት ሁኔታ

በመተማና በሁመራ ቆላማ አካባቢዎች የሚታየውን የካላዛር በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ የሚራባው በማክሮፋጆች ውስጥ ነው። ለዚህ ሕክምና ከሚውሉት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ የፖሊኢትሊን ግላይኮል ሽፋን የለውም። ማክሮፋጆች ከረጢቱን ሲውጡት መድኃኒቱ ተሕዋሱ ወደተደበቀበት ሕዋስ ይገባል።

ታካሚዎችና አስታማሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

• በስም የሚመሳሰሉ መድኃኒቶች አንዱ በሌላው ሊተኩ አይችሉም። የተለመደው አምፎቴሪሲን ቢ መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ1.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ሊፖሶማል የሆነው ግን በ3 እና ከዚያ በላይ ሚሊ ግራም ሊታዘዝ ይችላል። ሁለቱን ማምታታት ልብና አተነፋፈስን እስከ ማቆም የሚደርስ አደጋ ያስከትላል። በመሆኑም መድኃኒት ከውጭ ተገዝቶ ሲመጣ፣ ሙሉ ስሙ ከማዘዣው ጋር ተመሳሳይ መሆኑ በፋርማሲው ባለሙያ እንዲረጋገጥ ይመከራል።

• ቀደም ሲል በመድኃኒት ወይም በክትባት ምክንያት አለርጂ የደረሰበት ሰው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያው ማሳወቅ ይኖርበታል። ፖሊኢትሊን ግላይኮል በአንዳንድ የኮቪድ-19 ክትባቶች ውስጥም ይገኛል፤ ለዚህ ንጥረ ነገር ከባድ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች እነዚህን ክትባቶች መውሰድ የለባቸውም።

• መድኃኒቱ በመሰጠት ላይ እያለ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት መጨናነቅ፣ የጀርባ ሕመም ወይም የፊት መቅላት ከተከሰተ ሳይዘገይ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ባለሙያው ሁኔታውን ተመልክቶ የአሰጣጡን ፍጥነት ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ያቋርጣል።