ለሁለት ልጅ አንድ ጋሪ፦ ገዢው ጥቂት፣ ስሌቱ ብዙ

ከሳር ቤት ተነሥቶ በብሥራተ ገብርኤል፣ በአቦ ማዞሪያና በላፍቶ አድርጎ ወደ ፉሪ የሚዘልቀው መስመር በ2017 ዓ.ም. በሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ከተካተቱት አንዱ ነው። የእግረኛ መንገድ ሲሰፋ የሕፃን ጋሪ መግፋት በንፋስ ስልክ ላፍቶም የሚታሰብ ነገር ሆኗል። ይሁንና ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገባ ኮብልስቶን ይጀምራል፤ ከኮብልስቶኑ በኋላ ደግሞ ደረጃ አለ። የጋሪ ገዢም ሆነ የጋሪ ነጋዴ ሒሳቡን መጀመር ያለበት ከዚሁ ነው።

የአንድ ልጅ ጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ጥያቄ የሚያስነሣው ባለ ሁለት መቀመጫው ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ታላቅ መራመድ ጀምሯል እንጂ ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ አይዘልቅም፤ አሥር እርምጃ ሄዶ «እዘይኝ» ይላል። ጨቅላው ደግሞ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባት አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ልጁ ገና አይቀመጥም፤ ሁለቱን ይዛ የምትወጣው ሞግዚቷ ወይም አያት ናት።

ችግሩ እውነት ሆኖ ሳለ ገበያው ግን ጠባብ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ የልጆች ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6 ሲሆን በአዲስ አበባ 1.8 ብቻ ነበር። ከሁለት በታች ከሚወልደው ከተሜ ውስጥ ሁለቱን ልጆች አከታትሎ የሚወልደው፣ ከዚያም ውስጥ ጋሪ የሚገዛው ስንት ነው? አስመጪው ከውጭ ምንዛሪ ጥያቄ በፊት ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

ምንዛሪውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 1 ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ለምሳሌ ያህል፣ የፋብሪካ ዋጋው 100 ዶላር የሆነ ጋሪ በ5,700 ብር ይመጣ ከነበረ፣ ማጓጓዣና ግብር ሳይነካው ከ12,000 በላይ ሆኗል ማለት ነው። በላዩ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ቫትና፣ ነፃ ካልተደረገ በቀር፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ።

ከምንዛሪው ይልቅ ነጋዴው ቸል የሚለው ስፋቱን ነው። ጋሪ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው። ካርቶኑ 100 በ60 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት መቀመጫ ጋሪ 15 ኪሎ ቢመዝንም፣ በአየር ጭነት የተለመደው ስሌት (ስፋቱ ለ6,000 ተካፍሎ) 35 ኪሎ ያስከፍላል። በባሕር ቢመጣም ባለ 40 ጫማው ረጅም ኮንቴይነር ከ300 ብዙም አይወስድም። ሦስት መቶ ባለ ሁለት መቀመጫ ጋሪ በአንድ ጊዜ ለከተማው ማቅረብ ደግሞ ገንዘብን መጋዘን ውስጥ ማስተኛት ነው። ከአንድ መቀመጫዎቹ ጋር ጥቂቱን ቀላቅሎ ማምጣት፣ ቀሪውን በትእዛዝ መሸጥ የተሻለ ይመስላል። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ያምጣልኝ ለሚለውም መንገዱ ጠባብ ነው። ብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ። የዚህ ካርቶን ድምር 195 ነው።

ጎን ለጎን ወይስ ፊትና ኋላ?

ባለ ሁለት መቀመጫው በሁለት ዓይነት ይመጣል። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ለመግፋት ይቀላል፤ ሁለቱም ልጆች ፊታቸው ክፍት ነው። ግን ወርዱ ብዙ ጊዜ ከ75 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት የቤቱን በር በሜትር ይለካ፤ የሚለካውም ፍሬሙ ሳይሆን በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። 80 የተባለ በር መዝጊያው ሲቀነስለት 75 ላይሞላ ይችላል። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው በሱቅ መተላለፊያ ያልፋል፤ ነገር ግን ረጅም በመሆኑ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለማውጣትና ለመጠምዘዝ ጉልበት ይጠይቃል።

ለጨቅላው ዋናው ነገር መተኛቱ ነው። እስከ 6 ወር ገደማ አንገትና ጀርባው ስላልጸና መቀመጫው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚዘረጋ መሆን አለበት። በርካሽ የሚሸጡት ጃንጥላ አጣጣፊ ጋሪዎች አብዛኞቹ አይዘረጉም። ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማ ደግሞ ለሱቅ ወለል እንጂ ለጀሞና ለለቡ ኮብልስቶን አልተሠራም።

በጀሞ ኮንዶሚኒየም አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብን እንውሰድ። 15 ኪሎ ጋሪ፣ 11 ኪሎ ታላቅ፣ 5 ኪሎ ታናሽ፤ ይህን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያወጣው አይችልም። ጋሪው ከደረጃ ሥር በሰንሰለት ታስሮ ይቀራል፤ ካልሆነም ሁለተኛ ሰው መጠበቅ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ጠንካራ ባለ አንድ መቀመጫ ጋሪ ለታላቁ፣ ማዘያ ለታናሹ ቢሆን ወጪውም ሸክሙም ይቀንሳል። ሁለተኛውን መቀመጫ የኢትዮጵያ እናት ጀርባዋ ላይ ይዛ ኖራለች፤ አስመጪዎች ይህን ተፎካካሪ በሒሳባቸው የሚያስገቡት አይመስልም። ታላቁ ሁለት ዓመት ተኩል ካለፈው ደግሞ ከጋሪው ኋላ የሚገጠም ባለ ጎማ መቆሚያ ይበቃዋል። ባለ ሁለት መቀመጫው የሚያዋጣው በምድር ቤት ወይም አሳንሰር ባለው ሕንፃ ለሚኖር፣ በልጆቹ መካከል ከሁለት ዓመት ያነሰ ልዩነት ላለው ነው።

የአገልግሎቱ ዘመን ሁለት ዓመት ያህል ስለሆነ ያገለገለ መግዛት ያስኬዳል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ኦወን ማክላረን በ1965 እ.ኤ.አ. የነደፈው ተጣጣፊ ጋሪ ዓለምን ያዳረሰ ቢሆንም፣ በስሙ የሚጠራው ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋሪዎችን ለማስተካከል ተገዷል። በማጠፊያው የገባ የሕፃን ጣት ጫፍ የተቆረጠባቸው 12 አጋጣሚዎች ተመዝግበው ነበር፤ ባለ ሁለት መቀመጫ ዓይነቶችም በዝርዝሩ ነበሩ። መፍትሔው ማጠፊያውን የሚሸፍን ጨርቅ በነፃ ማደል ነበር። ያን ጨርቅ ያላገኘ ጋሪ እጅ በእጅ ሲሸጥ እዚህ ላለመድረሱ ማረጋገጫ የለም።

ስለዚህ ያገለገለ ጋሪ የሚገዛ ሰው በሻጩ ፊት ሦስት ጊዜ አጥፎ ይዘርጋው፤ ማጠፊያው መሸፈኑን ይመልከት፤ ባለ አምስት ነጥብ ማሰሪያውን ቆልፎ ይሳብ። ከዚያም 15 ኪሎ ያህል ዕቃ ጭኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዞ ያቁመው። ለዚህ የሚሆን ቁልቁለት በላፍቶ አይጠፋም።