ከመረቡ ሥር የሚወርዱት ሠራተኞች
በደቡብ ቺሊ፣ በቺሎኤ ደሴት ዙሪያ ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ላይ የሳልሞን ማርቢያዎች ተደርድረው ይታያሉ። ማርቢያው ከላይ ተንሳፋፊ ማዕቀፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ወደ ጥልቁ የሚወርድ ሰፊ መረብ አለው። ሳልሞን ለቺሊ ባሕር ባዕድ ዓሣ ቢሆንም አገሪቱ ዛሬ ከኖርዌይ ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ የእርባታ ሳልሞን አምራች ናት። ስለ ዘርፉ ዘላቂነት ሲነሳ ክርክሩ በአብዛኛው በውሃው ብክለትና በዓሣው በሽታ ላይ ያተኩራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሠራተኛውን ከዚህ ነጥሎ ማየት ያሳስታል። ዓሣውን የሚጎዳው አሠራር ሰውንም ሲጎዳ በተደጋጋሚ ይታያልና።

ጠላቂዎቹን እንመልከት። የሞተ ዓሣ በመረቡ ወለል ላይ ይከማቻል፤ በጊዜ ካልወጣ በሽታ ያዛምታል። ያንን ለቅሞ የሚያወጣው፣ የተቀደደውንም መረብ የሚጠግነው ጠላቂው ነው፤ የሚተነፍሰውም ላይ ካለ መጭመቂያ በቱቦ የሚላክለትን አየር ነው። በአገሪቱ ደንብ መሠረት መሠረታዊ ፈቃድ ብቻ ያለው ጠላቂ ከ20 ሜትር በታች መውረድ የለበትም፤ ከዚያ የሚጠልቁ መረቦች ግን አሉ። ጠልቆ የቆየ ሰው ተቻኩሎ ሲወጣ፣ በግፊቱ ብዛት ደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያውንና ነርቩን ይመታል፤ ሽባ ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ዓሣው ከመታጨቁ የተነሳ በብዛት ሲሞት ደግሞ የሚለቀመው ይበዛል፤ ጠላቂውም ደጋግሞ ይወርዳል። በመረቡ ውስጥ ያለው መጨናነቅ ዞሮ ዞሮ አደጋውን የሚያሸክመው እሱን ነው።

ትስስሩ ይበልጥ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2007 ሳልሞንን ለከፋ የደም ማነስ የሚዳርግ ተላላፊ ቫይረስ በቺሎኤ በተገኘ ጊዜ ነው። ማርቢያዎቹ ተቀራርበው፣ ዓሣውም ታጭቆ ስለነበር በሽታው በፍጥነት ተዛመተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአትላንቲክ ሳልሞን ምርት ከግማሽ በታች ወረደ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሥራ አጡ። ቀኑን ሙሉ በብርድ ቆመው ዓሣ ሲሰነጥቁ የሚውሉ የማቀነባበሪያ ፋብሪካ ሴቶችም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ማርቢያዎች በቀጣና ተደራጅተው በየተራ ባዶ ሆነው እንዲያርፉ ተደነገገ። ለባሕሩ መልካም እርምጃ ነው። ማርቢያው በሚያርፍባቸው ወራት የሠራተኛው ደሞዝ ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ ካልሰፈረ ግን የእረፍቱን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ይሆናል።

እርባታው ባይኖር የቺሎኤ ሰው እንደ ቀድሞው ለጉልበት ሥራ ወደ ፓታጎኒያ ይሰደድ ነበር የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ይህን ያህል ቤተሰብ በአንድ ዘርፍ ላይ መንጠልጠሉ ግን ጥንቃቄውን የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል። ለሠራተኛው የሚደረገው ጥበቃ ወጪ ስለሚያበዛ ከገበያ ያስወጣል ለሚሉት ደግሞ መልሱ ኖርዌይ ናት፤ ሥራው እዚያም አደገኛ ቢሆንም፣ ውድ ጉልበት ይዛ የዓለም ቀዳሚ አምራች ሆና ቆይታለች። የሞተ ዓሣ ከመረቡ ወለል በአየር ግፊት ስቦ የሚያወጣ ቱቦም ከተፈለሰፈ ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ማርቢያ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ከሚይዘው የዓሣ ብዛት ጋር የመረቡ ጥልቀት፣ የጠላቂዎቹ የፈቃድ ደረጃና ይህ ቱቦ መኖሩ በአንድ ገበታ ላይ ሊመረመሩ ይገባል።