ሰዓት ለመሙላት፦ በቤት የተሠራ አውሮፕላንና የአየር መንገድ ሥራ

አሜሪካ ውስጥ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ገና የተቀበለ ወጣት ሎግ ቡኩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 250 ያህል የበረራ ሰዓት ይኖረዋል። በመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን የሚጠየቀው ግን 1,500 ነው። ልዩነቱን እንደምንም ብሎ መሙላት የራሱ ዕዳ ነው። ብዙዎቹ የበረራ አስተማሪ ሆነው ይሞሉታል። ማስታወቂያ እየጎተቱ፣ ፓራሹት ዘላዮችን እያወጡ ወይም የነዳጅ ቧንቧ መስመር ከአየር ላይ እየቃኙ የሚሞሉትም አሉ። ጥቂቶች ደግሞ የራሳቸውን አውሮፕላን ይዘው ይበራሉ፤ ከእነዚህም መካከል ፋብሪካ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ የተሠራ አውሮፕላን የሚመርጡ አይጠፉም።

ቁጥሩ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 የኮልጋን አየር መንገድ በረራ 3407 ኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ ተከስክሶ 50 ሰዎች ሞቱ። የሟች ቤተሰቦች ግፊት አላቋረጠም፤ ኮንግረሱ በ2010 ሕግ አወጣ፣ የአቪዬሽን አስተዳደሩ (ኤፍኤኤ) በ2013 ሥራ ላይ አዋለው። ከዚያ በፊት ረዳት አብራሪ በ250 ሰዓት መቀጠር ይችል ነበር። የሚገርመው፣ በዚያች አውሮፕላን ላይ የነበሩት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ያልበረደው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ ለጦር ኃይል አብራሪዎች 750፣ በአቪዬሽን ዲግሪ ለያዙ 1,000 ሰዓት ይፈቅዳል።

ከአሜሪካ ውጭ መንገዱ ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥም ሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን አካዳሚ በሚያሠለጥንበት ሥርዓት ሠልጣኙ በጥቂት መቶ ሰዓት፣ በሲሙሌተርና በጥብቅ ሥርዓተ ትምህርት ታንፆ ወደ ኮክፒት ይገባል። በ2019 በአየር መንገዱ በረራ ET302 ላይ በደረሰው አደጋ ጊዜ ረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ብቻ እንደነበረው ሲታወቅ አንዳንድ አሜሪካውያን ጣታቸውን ወደ እሱ ቀስረው ነበር። ምርመራው ግን ያመለከተው የቦይንግ 737 ማክስን የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የሰዓት ጥያቄ አገር ቤት ላለ አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ አሜሪካ ውስጥ አብራሪ ለመሆን ለሚያልም የዲያስፖራ ልጅ ደግሞ የኪስ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጋራዡ። የአሜሪካ ደንብ «ኤክስፐሪመንታል» ከሚላቸው አንዱ ዓይነት አማተሮች የሚሠሩት ነው፤ የሥራውን አብላጫ ክፍል ሰውየው ለራሱ ትምህርት ወይም መዝናኛ ብሎ መሥራት አለበት። በተለምዶ «የ51 በመቶ ደንብ» ይሉታል። የዚህ ዓለም እናት ድርጅት ኢኤኤ ነው፤ ፖል ፖበሬዝኒ በ1953 ሚልዋኪ ውስጥ መሠረተው፤ ዓመታዊ ጉባኤው ከ1970 ጀምሮ በኦሽኮሽ ይካሄዳል። በኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ በሚገጣጥመው የክፍሎች ስብስብ፣ ገበያ ጎልቶ የሚታየው ኦሪገን ያለው የቫንስ ኩባንያ ነው፤ ከእሱ ኪቶች ተሠርተው የበረሩት አውሮፕላኖች ከ11,000 በላይ ናቸው። በ2023 መጨረሻ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ በማግስቱ ዓመት ራሱን አቋቁሟል።

በእነዚህ አውሮፕላኖች የሚበረሩ ሰዓቶች ይቆጠራሉ ወይ? ይቆጠራሉ። ደንቡ የሚጠይቀው አውሮፕላኑ መደበኛ ወይም ልዩ የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ነው፤ ኤክስፐሪመንታሉ ሁለተኛውን ይዟል። ያለ ምዝገባ የሚበርሩት ቀላል አልትራላይቶች ሰዓት ግን ለፈቃድ አይታሰብም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ወጪው ላይ የሚያጓጓ ነገር አለ። አንድ ሴስና 172 በሰዓት ስምንት ጋሎን ያህል ይጠጣል፤ 100 የፈረስ ጉልበት ሮታክስ ሞተር የያዘ ቀላል አውሮፕላን አምስት ገደማ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ማደያ በሚቀዳ ቤንዚን። ለፋብሪካ አውሮፕላን የሚጠየቀው የመለዋወጫ ማረጋገጫ ስለማይጠየቅ ዘመናዊ መሣሪያም በርካሽ ይገጠማል። ኪት ሠሪዎች በፍጥነት መፎካከር ይወዳሉ፤ ሰዓት ለሚሞላ ሰው ግን ፍጥነት ከንቱ ነው። ሎግ ቡክ ማይል አይቆጥርም።

ነገር ግን መሥራቱስ? አንድ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ ሪቬት እየመታ ኪት ሲጨርስ 1,500ም 2,000ም ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ሰዓት በአየር ላይ የሚቆጠር አይደለም። ለአየር መንገድ የሚጣደፍ ሰው ኪት ቢገዛ በእኔ ግምት ዓላማውን ያርቃል። መሥራት ለሚወድ ደስታ ነው፤ ለቸኮለ ግን ያለቀለትን፣ ሌላ ሰው ሠርቶ የበረረበትን አውሮፕላን መግዛት ይሻላል። አዲስ የተሠራ አውሮፕላን መጀመሪያ 25 ወይም 40 ሰዓት የሙከራ ጊዜ ይቀበላል፤ 25ቱ ለተመሰከረለት የሞተርና የፕሮፔለር ጥምረት ነው። በዚያ ጊዜ በተወሰነ ክልል ብቻ ይበርራል፣ መንገደኛም አይጫንበትም። ከሙከራ በኋላም ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ ማጓጓዝ ክልክል ነው። ሠሪው የዓመት ፍተሻውን ራሱ እንዲያደርግ የሚያስችል ምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ይህ ወረቀት ግን አውሮፕላኑ ሲሸጥ ወደ ገዢው አይተላለፍም። ገዢው በየዓመቱ ሜካኒክ ይከፍላል።

አደጋውን መሸፋፈን አይገባም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት የእነዚህ አውሮፕላኖች አደጋ ከተመሳሳይ የፋብሪካ አውሮፕላኖች ይበልጣል። የሞተር ብልሽትና ቁጥጥር ማጣት ግንባር ቀደም ምክንያቶች ሆነው ተገኝተዋል፤ አዲስ ገዢዎች በመጀመሪያ በረራቸው ላይ መውደቃቸውም በተለይ ተጠቅሷል። ስለዚህ ገዢው ከመነሳቱ በፊት ያንኑ ዓይነት ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር መብረር አለበት። ኢንሹራንሶችም ልምድ ይጠይቃሉ።

ሌላው እክል ሰዓቱ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። 1,500ው ውስጥ 500 አገር አቋራጭ፣ 100 የሌሊት፣ 75 የመሣሪያ በረራ ሊኖር ይገባል። እነዚህን ተገቢ መሣሪያ ያለውና የሚፈቀድለት ኤክስፐሪመንታል ሊያስገኝ ይችላል። የሚጎድለው የሁለት ሞተር 50 ሰዓት ነው፤ በቤት የተሠራ መንታ ሞተር ብርቅ ነው። (ፈረንሳዊው ሚሼል ኮሎምባን የነደፋት በ1973 የበረረችው ክሪክሪ ሁለት ሞተር አላት፤ ባዶ ክብደቷ 80 ኪሎ ግራም አይሞላም፣ የምትጭነውም አንድ ሰው ነው።) የግል ሰዓት ምስክርም ስለሌለው ጠያቂዎች በጥርጣሬ ያዩታል፤ የሞተር ሰዓት ቆጣሪውና የጥገና መዝገቡ ከሎግ ቡኩ ጋር ካልገጠሙ ቃለ መጠይቁ እዚያው ያበቃል።

ስለዚህ የዚህ አውሮፕላን ተገቢ ቦታ መንገዱ መነሻ ላይ ነው፦ የግል ፈቃድ ከያዘበት ሰዓት እስከ 250። በዚያ ርቀት ላይ ሠልጣኙ በኪራይ የሚያወጣውን ገንዘብ በራሱ ንብረት ላይ ያውላል፤ ጨርሶም ይሸጠዋል። በራሱ ኤክስፐሪመንታል ላይ መማርን በተመለከተ በ2021 ኤፍኤኤ ባወጣው ትርጓሜ ምክንያት ልዩ ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ የወጣ ሕግ ያንን አንስቷል። ከ250 በኋላ አብዛኛው ሰው የአስተማሪነት ፈቃድ ይዞ በሌላ ሰው ነዳጅ መብረር ይመርጣል፤ ገንዘቡ ወደ ኪሱ የሚመለሰውም ያኔ ነው።