ከዳይሱ ጀርባ ያለው ሥራ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አሸናፊ የሌለው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ መሪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፦ ሰይፈኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ። መሪው «ድልድዩ ተሰብሯል፤ ከማዶ እሳት ይታያል። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን መሞከር ይችላሉ። ሙከራው ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ከሆነ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። በሌላ ቀን ሲገናኙ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ እንዲህ ተያይዞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚዘልቀው ጨዋታ ዘመቻ ይባላል።

የመሪው ወንበር ከጨዋታው ይልቅ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የፕሩሲያ መኮንኖች ካርታ ላይ ውጊያ ሲለማመዱ ዳኛ ያስቀምጡ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ፣ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የጦርነት ጨዋታ ወዳድ ብራውንስታይን የምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ፈጠረ። ለጓደኞቹም ጦር ብቻ አልሰጣቸውም፤ አንዱን ከንቲባ፣ ሌላውን የዩኒቨርሲቲ ሹም አደረጋቸው። እነሱ ግን ውጊያውን ረስተው ጥግ ጥግ ይዘው ይዶልቱ ጀመር። ዌስሊ ጨዋታው የተበላሸ መሰለው፤ ተጫዋቾቹ ግን ድገምልን አሉት።

ከእነሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር። ብላክሙር የተባለ የራሱን ዓለም ሠራ፤ ቤተ መንግሥትና ከሥሩ የተንሰራፋ ዋሻ ያለው። ጀግኖቹ ልምድ ባካበቱ ቁጥር እየበረቱ እንዲሄዱም አደረገ። ይህንኑ ዊስኮንሲን ለሚኖረው ለጋሪ ጋይጋክስ አሳየው። በ1974 የሁለቱ ሥራ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ተብሎ፣ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ሆኖ በአንድ ሣጥን ወጣ፤ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን መሪው ተጫዋቾቹ ከተበተኑ በኋላ ብቻውን የሚሠራው ነው። ጀማሪ መሪ የታሪኩን መጨረሻ አስቀድሞ ጽፎ ይመጣል፤ ተጫዋቾቹ በመጀመሪያው ሰዓት ከጻፈላቸው መንገድ ይወጡና ልፋቱ ይባክናል። የሠለጠነው የሚያዘጋጀው ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ነው። ድልድዩን ያፈረሰው ባላባት ምን ፈልጎ ነው? ማንን ይፈራል? የሚከለክለው ካልመጣ በወር ውስጥ ምን ያደርጋል? ይህን ያወቀ መሪ ተጫዋቾቹ በየትኛውም በኩል ቢመጡ መልስ አያጣም። ጋይጋክስ በ1979 ባሳተመው የመሪዎች መጽሐፍ ጊዜ በጥብቅ እንዲመዘገብ አጥብቆ ያሳሰበው በከንቱ አይደለም። ጀግኖቹ ቁስላቸው እስኪሽር ሁለት ሳምንት ከተኙ ባላባቱም ያን ሁለት ሳምንት ሠርቶበታል።

ስለዚህ ማስታወሻው በዚያው ሌሊት ቢጻፍ ይሻላል። ማን ምን ቃል ገባ? የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ? ለመሙያ ያህል የገባች፣ ስሟ እንኳ በችኮላ የተሰጣት ባለ መጠጥ ቤት ተጫዋቾቹን ሁሉ ከማረከች፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ በእሷ በኩል ማለፍ አለበት። ከታላቁ ዘንዶ ይልቅ እሷን መርጠዋልና።

ማስታወሻው የማይነግረው ነገርም አለ። ዝም ያለው ተጫዋች ታሪኩን እየተከተለ ነው ወይስ ተሰላችቷል? ይህ የሚታወቀው በመጠየቅ ብቻ ነው። ብዙ መሪዎች በየጨዋታው ማብቂያ እያንዳንዱን ሰው ምን እንደወደደና ቀጥሎ ምን ማየት እንደሚሻ ይጠይቃሉ፤ ማንም እንዲነሳ የማይፈልገው ጭካኔ ካለም ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት ይስማሙበታል። አንዳንዱ ተጫዋች ሰው ፊት መናገር ይከብደዋል፤ እሱን ለብቻ መጠየቅ ነው።