በጉን ማን ወሰደው? ለቤትና ለቢሮ የሚሆን የምሽት ጨዋታ

በዓል ሲመጣ ቤታችን በሰው ይሞላል። ማዕዱ ከተነሣ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ግን አዋቂው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ልጁ ወደ ስልኩ ያዘነብላል። በመሥሪያ ቤት የሠራተኞች ዝግጅት ላይም እንዲሁ ነው፤ ፋይናንሱ ከፋይናንስ፣ ሽያጩ ከሽያጭ ጋር ተቀምጦ ያመሻል። ሁሉንም አንድ ክብ ውስጥ የሚያስገባ፣ ከቁራጭ ወረቀት በቀር ወጪ የሌለው ጨዋታ አለ።

ብዙዎች “ማፊያ” በሚል ስሙ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዲሚትሪ ዳቪዶቭ የፈጠረው ነው። ጥቂቶች ምስጢር ይይዛሉ፤ ብዙኃኑ ተከራክረው ያወጧቸዋል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገጠሩ ስርቆት ሲፈጸም ነዋሪው ተሰብስቦ ጥፋተኛውን የሚያፈላልግበት አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረን።

ስለዚህ ባለፈው ገና ሰላ ድንጋይ አያቶቼ ቤት ስንሰበሰብ ማፊያውን ትተን “የበግ ሌባ” አልነው። የሞጃና ወደራ ብርድ ከእሳት ዳር አያስነሣምና ለጨዋታው ተመቸን።

አጨዋወቱ

ዘጠኝ ተጫዋችና አንድ ዳኛ ይበቃሉ። ዳኛው ወረቀት ያድላል፦ ሁለት ሌባ፣ አንድ እረኛ፣ አንድ ጭቃ ሹም፣ አምስት መንደርተኛ።

“መሸ” ሲባል ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። ዳኛው በየተራ ይጠራል። ሌቦቹ ድምፅ ሳያሰሙ በጉን የሚወስዱበትን ሰው በጣት ያሳያሉ፤ እረኛው የሚጠብቀውን አንድ ሰው ይመርጣል፤ ጭቃ ሹሙ የጠረጠረውን ሲያመለክት ዳኛው በራሱ ንቅናቄ እውነቱን ይነግረዋል። “ነጋ” ሲባል በጉ የተወሰደበት ሰው፣ እረኛው ካልጠበቀው፣ ከጨዋታው ይወጣል። የቀሩት ተከራክረው በእጅ ድምፅ አንድ ተጠርጣሪ ያስወጣሉ። ሌቦቹ በሙሉ ከተያዙ መንደሩ ያሸንፋል፤ ቁጥራቸው ከቀሪው ጋር እኩል ከሆነ ሌቦቹ ያሸንፋሉ።

የወጣውን ሰው አትርሱት

የጨዋታው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የዘጠኝ ዓመቷ የአጎቴ ልጅ ወጣች። ጋቢዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አያቴም “ልጅ የሚያስከፋ ጨዋታ ይቅርብን” አሉ። መፍትሔውን ያመጣው አጎቴ ነው፦ “የወጣ ሰው አውራ ዶሮ ይሁን።” አውራ ዶሮ ሌሊት ዓይኑን አይጨፍንም፣ ሁሉንም ያያል፣ ለማንም አይናገርም፣ ንጋትን የሚያበስረው እሱ ነው። ልጅቷ ሌባው ማን እንደሆነ አውቃ አፏን በእጇ ይዛ ስትስቅ አመሸች። በሁለተኛው ዙር ወረቀት ስንሰጣት “እኔ ዶሮ ነኝ” ብላ እንቢ አለች።

ታላቅን መጠርጠርም ለልጆች ልምምድ ነው። “አባባ፣ እርስዎ ነዎት! ሲመሽ ተንቀሳቅሰዋል” ማለት አክብሮትን ሳይለቁ ምክንያት ማቅረብን ያስተምራል።

ለቢሮ ሲሆን

በመሥሪያ ቤት “ሌባ” የሚለውን ቃል ተዉት። ገንዘብ ያዥ ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ በቀልድ የተለጠፈበት ስም ሰኞም ይከተለዋል። “ቀበሮ” በሉት፤ ቀበሮም በግ ይወስዳል። “ቡዳ” የሚለውንም አታምጡ፤ በዚህ ስም የሸክላና የብረት ሠራተኞች ብዙ ተበድለዋል።

አለቃው በመጀመሪያው ዙር ዳኛ ይሁኑ። ተጫዋች ከሆኑ ማንም ደፍሮ እጁን አያወጣባቸውም፤ እሳቸው የጠረጠሩት ሠራተኛ ደግሞ ወዲያው ይወጣል። ክርክሩም በጨዋታው ውስጥ በታየ ነገር ብቻ ይሁን። “ሪፖርቱንም ያዘገየኸው አንተ ነህ” የሚል ሰው ከመጣ ዳኛው ያስቁመው።

ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። ሰው “አንድ ዙር ብቻ!” እያለ ሲለምን አቁሙና ወረቀቶቹን በፖስታ አስቀምጡ፤ ለፋሲካ ይፈለጋሉ።