እንዝርትና ፊደል፤ ስለ ባላገር ልጃገረድ ኑሮ፥ ሙያና አሳብ

ስለ ሴት ልጅ ትምህርት በሚነገርበት ጊዜ ሁለት ዐይነት ስሕተት ይሰማል። አንደኛው፥ የእጅ ሙያ ያላት ልጅ ፊደል አያስፈልጋትም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ፊደል የቈጠረች ልጅ በእጇ ልትሠራ አይገባትም የሚል ነው። በፊተኛው ስሕተት ልጃገረዲቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ በኋለኛው ስሕተት ደግሞ የእናቷንና የአያቷን ጥበብ ንቃ ትጥላለች። ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ሥሩም የእጅ ሥራ ዕውቀት አይደለም የሚለው አሳብ ነው። ይህ አሳብ ሐሰት መሆኑን ለመረዳት የልጃገረዲቱን ውሎና የእጇን ሥራ ቀርቦ መመልከት ይበቃል።

አንባቢ በሰሜን ሸዋ ደጋ የምትኖር፥ 16 ዓመት የሆናት፥ በ8ኛ ክፍል የምትማር አንዲት ልጃገረድ በአሳቡ ይሣል። እንደ እርስዋ ያሉት በየቀበሌው ብዙ ናቸውና ስም አያስፈልጋትም። ዶሮ ሲጮኽ ትነሣለች፤ ቤት ትጠርጋለች፤ ከምንጭ ውሃ ትቀዳለች፤ እሳት አንድዳ ለአባትና ለእናቷ ቍርስ ታቀርባለች። ከዚያም በኋላ ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ እንጨት መልቀም፥ ወጥ መሥራት፥ ታናናሾቿን መጠበቅ ይቈያታል። ራት ከተበላ በኋላ ሌላው ሰው እሳት ሲሞቅ እርስዋ እንዝርቷን ታነሣለች፥ ወይም ወስፌዋን ይዛ የጀመረችውን ስፌት ትቀጥላለች። እንግዲህ በቤት ውስጥ ዕረፍት የሚባለው ጊዜ ለእርስዋ የሙያ ጊዜ ነው።

መፍተል ቀላል ሥራ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ጥጥ ከተለቀመ ጀምሮ ፈትል እስኪሆን ድረስ ብዙ ድካም አለበት። አስቀድሞ በለስላሳ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በመዳመጫ ብረት ሲዳመጥ ፍሬው ከጥጡ ይለያል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ይኸውም የደጋኑ ጅማት እየተነዘረ የተጨመቀውን ጥጥ ያፍታታዋል። የተነደፈው ጥጥ ባዘቶ ይባላል፤ ባዘቶውም ለመፍተል ሲጠቀለል አመልማሎ ይሆናል። ፈታዪቱ አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ፥ እንዝርቱን በሌላው እጇ ከጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ እንዝርቱም ሲዞር ጥጡን እየሳበች ታቀጥነዋለች። ጥምዘዛው ከበዛ ክሩ ይቋጠራል፤ ስበቱ ከበዛ ይበጠሳል። ስለዚህ መፍተል ማለት በመሳብና በመጠምዘዝ መካከል ልክን መጠበቅ ነው። ይህን ልክ ጣት በብዙ ትዕግሥት ይማረዋል እንጂ በቃል ብቻ ሊነገር አይቻልም።

በእንዝርቱ ላይ የተጠራቀመው ፈትል፥ ልቃቂቱ፥ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው በቁመት የሚዘረጋውን ድር፥ በአግድም የሚገባውን ማግ ይለዋል። ድሩ ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንካራ መሆን አለበት፤ ማጉ ግን ለስለስ ሲል ልብሱን ሙቀት ያለው ያደርገዋል። ዛሬ ብዙዎች ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር፥ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የፋብሪካ ክር በበዛበት ዘመን እንኳ የእንዝርት ሥራ ጨርሶ አልጠፋም። በመንዝም ሴቶች የበግ ጠጕር ይፈትላሉ፤ ከእርሱም ለብርድ የሚሆን ባና ይሠራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ሲነገር ሰው ሁሉ ስለ ኅብረት ያስባል፤ ነገር ግን ድሩን አስቀድማ የፈተለች እጅ እንዳለች ማሰብ ይገባል። ደግሞም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመልአኩን ብሥራት የሚያሳየውን ሥዕል የተመለከተ ሰው፥ እመቤታችን እንዝርት ይዛ ስትፈትል አይቷል። የቀደሙት ሠዓሊዎች መፍተል ለክብሯ የማይገባ ሥራ መስሎ አልታያቸውም።

ስፌትም እንደዚሁ ነው። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲደርስ ልጃገረዶች ተጠራርተው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ አክርማና ስንደዶ ይለቅማሉ። የተለቀመው ሣር ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ ከፊሉም በቀለም ይነከራል፤ በቀለም የተነከረው አለላ ይባላል። ከዚህም በኋላ የሣር ጥቅል በውስጥ ሆኖ፥ ዙሪያው በስንጥቅ ሣር እየተጠቀለለ፥ ወስፌ በቀደደው ቀዳዳ እየገባ ከበታቹ ዙር ጋራ ይያያዛል። ሥራው የሚጀመረው ከእምብርቱ ነው፤ ሰፌድም ቢሆን፥ ሙዳይም ቢሆን፥ ሞሰብም ቢሆን መጀመሪያው አንዲት ትንሽ ክብ ናት።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ቍጥር መምህራን በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል። የአንዱ ዙር ውፍረት አንድ ጣት ቢሆን፥ በጠፍጣፋ ስፌት ላይ የሚቀጥለው ዙር ከፊተኛው በስድስት ጣትና በጥቂት ትርፍ ይረዝማል። ይህ ጭማሪ ከእምብርቱ አጠገብም ሆነ ከጠርዙ አጠገብ አይለወጥም። ሰፊዪቱ ይህን ያህል ስትጨምር ስፌቱ ተዘርግቶ ይሄዳል፤ ጭማሪውን ስታሳንስ ስፌቱ ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል፤ የሞሰቡ ግድግዳ የሚቆመው በዚህ ዘዴ ነው። ስለ አለላው ጌጥም እንዲሁ ነው። በአንድ ዙር ስድስት አበባ ሊወጣ ቢፈለግና ለእያንዳንዱ አበባ 12 ስፌት ቢያስፈልግ፥ በዙሩ ውስጥ 72 ስፌት መኖር አለበት። ሰፊዪቱ ሳትጠነቀቅ 75 ብታደርገው ሦስት ስፌት ይተርፋል፤ የመጨረሻው አበባም ከመጀመሪያው ጋራ ሳይገጥም ይቀራል። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረች አያት እንኳ በስፌቷ ላይ ስታካፍልና ስታባዛ ኖራለች፤ ሒሳብ መሆኑን የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

በትምህርት ቤት ስለ ክብ የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አያገኝም። ተማሪዎች ከየቤታቸው ሰፌድ ያምጡ፤ አንዱ ተማሪ ዙሪያውን፥ ሌላው መካከሉን አቋርጦ በክር ይለካ። ወርዱ 42 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰፌድ፥ ዙሪያው 132 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰፌዱ ትንሽም ቢሆን ትልቅም ቢሆን፥ ዙሪያው የወርዱ ሦስት እጥፍና የወርዱ አንድ ሰባተኛ ያህል መሆኑን ልጆቹ በእጃቸው ያገኙታል። በዚያን ጊዜ የእናታቸው ሥራ ከመጽሐፉ ጋራ አንድ ነገር ሲናገር ይሰማሉ።

ይህች ልጃገረድ ከወስፌዋ የተማረችው ግን ቍጥር ብቻ አይደለም። የስፌት ውስጡ ለገዢ አይታይም። ያልደረቀ ወይም የበሰበሰ ሣር በውስጡ ቢገባ በገበያ ቀን ማንም አያውቀውም፤ ውሎ አድሮ ግን ይሻግታል፥ ይላላል። ስለዚህ እርስዋ የማይታየውን ሣር እንደሚታየው አለላ ትመርጠዋለች። ገዢው ባያውቅ እጄ ያውቃል ብላ ታምናለች። ይህ እምነቷ በትምህርትም አልተለያትም፤ በፈተና ጊዜ ከሰው ደብተር መገልበጥ የበሰበሰ ሣር በአለላ እንደ መሸፈን ነው ትላለች።

ሁለተኛው እምነቷ ሥራ ሰውን አያዋርድም የሚል ነው። በክፍሏ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ አለች፤ አንዳንዶች ልጆች ከእርስዋ ጋራ በአንድ ወንበር መቀመጥን ይጠላሉ። ምክንያቱም ከቤታቸው የሰሙት ክፉ ስም ነው። ይህች ግን ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠቻት። እናቷ እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ፥ ቡናው የሚፈላበት ጀበና፥ ውሃው የሚቀዳበት እንስራ ከማን እጅ እንደ ወጣ ታውቃለችና። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ትቈፍራለች፥ ትወቅጣለች፥ ታቦካለች፤ ጭቃውን በእጇ እየገነባች ታቆመዋለች፤ ቀስ አድርጋ ታደርቀዋለች፤ በመጨረሻም በእሳት ትተኵሰዋለች። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ እሳት ቢነካው በውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይሰነጥቀዋል፤ የብዙ ቀን ድካምም በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ባለ ዕውቀት መባል ሲገባት፥ በሠራችው ዕቃ እየበሉ እርስዋን መናቅ ግፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት ስለዚህ ነበር፤ ስድብ ሠራተኛውን ከሥራው ያሸሸዋልና፥ አገርም ያለ ሠራተኛ አይለማምና። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር ግን ዐዋጁ በሁሉ ልብ ገና እንዳልደረሰ ይመሰክራል።

ሦስተኛው እምነቷ የጀመሩትን መፈጸም ነው። ለዚህም አንድ ፈተና አገኛት። ሙያዋ በአገሩ ሁሉ ስለ ተሰማ፥ የዓመቱ ትምህርት ሳያልቅ አንድ ጎረቤት ለልጁ ሊያጫት ሽማግሌ ላከ። አባቷም ማታ ጠርቶ፥ «ልጄ፥ ሙያሽ ተመስክሮልሻል፤ ፊደሉም እስከዚህ ከደረሰ ይበቃሻል» አላት።

እርስዋም ዐይኗን ወደ ምድር አድርጋ፥ «አባባ፥ ስፌት ጀምሬ እምብርቱን ብቻ ሰፍቼ ብተወው ምን ይሉኝ ነበር?» አለችው።

«ሣሩን አባከንሽው እልሽ ነበር» አላት።

«እንግዲያስ ትምህርቴም ገና እምብርቱ ላይ ነው። ስፌቱን አልተውሁም፤ ለደብተሬ የሚሆነውንም ከእርሱ ሸጬ አገኛለሁ። ዙሩን እንድጨርስ ይፍቀዱልኝ» አለችው።

አባትየው ለጊዜው ዝም አለ። በማግሥቱ ግን ሽማግሎቹን በአክብሮት ተቀብሎ፥ «ልጄ የጀመረችው ሥራ አላትና አትቸኵሉብኝ» ብሎ ሸኛቸው።

የዚህች ልጅ ልመና ከሕግም ጋራ የሚስማማ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ወንዱም ሴቲቱም 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ በመሠረቱ ይከለክላል። ለሴቶች ልጆች ትምህርት ማሰብም አዲስ ነገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው። አያቶች የጀመሩትን ነገር የልጅ ልጆች እንደ እንግዳ ሊያዩት አይገባም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ልጃገረዲቱ ወደ ክፍል ስትገባ ባዶ እጇን እንደ መጣች አትቍጠሯት። ልክን፥ ትዕግሥትንና ቍጥርን ከቤቷ ይዛ መጥታለችና፥ ከሚታወቀው ተነሥታችሁ ወደማይታወቀው ምሯት። የሸክላ ሠሪዋንም ልጅ ከፊት አስቀምጧት፤ ስለ አፈርና ስለ እሳት ስትናገር ሌሎቹ ይስሟት። ሽማግሎች ሆይ፥ እናንተም ሙያዋን ስታመሰግኑ ያንኑ ሙያ ከትምህርት ቤት የምትቀርበት ምክንያት አታድርጉት። የምሽቱ ሥራ ለአንዲት ልጅ ብቻ ከተተወ ደብተሯን የምታይበት ሰዓት አይኖርም፤ ስለዚህ ወንድሟም ውሃ ይቅዳ፥ እንጨትም ይልቀም። ልብስ ከድር ብቻ አይሠራም፥ ከማግም ብቻ አይሠራም። እንዝርትና ፊደልም እንደዚሁ ናቸው፤ በአንዲት ልጅ እጅ ሲገናኙ ቤቷንም አገሯንም የሚያለብስ ሸማ ይወጣቸዋል።