ሲስተም ሲወድቅ፦ የሰውን ሐቅ የመጠበቅ እርካታ



ውድ እህት ወንድሞች፣ ኮምፒውተር ነክ ትምህርት የምንማር ተማሪዎች ነገ በቢቸና ወይም በሞጣ በሚገኝ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ልንሆን እንችላለን። ሲስተሙ ደህና ሲሆን ባለሙያውን የሚያስታውሰው የለም፤ የሚፈለገው ሲወድቅ ነው። ታዲያ በዚያ ጭንቅ ሰዓት እርካታ ከየት ይገኛል?

የምናውቀውን ምሳሌ እንውሰድ። መጋቢት 6 ለ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ረመዷን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባ። ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛምቶ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ኋላም የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለአግባብ እንደተወሰደ አሳወቀ።

እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጉዳቱ እንዳይሰፋ ማቆም፤ አገልግሎት መዝጋት ቢከብድም ክፍት ትቶ ከመፈለግ ይሻላል። ቀጥሎ «መጨረሻ ላይ የተቀየረው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና የተቀየረውን ወደ ነበረበት መመለስ። ለተጠቃሚው እውነቱን መንገር። በመጨረሻም የሆነውን ሁሉ መመዝገብ፤ ነገ ተረኛ የሚሆነው ሌላ ሰው ነውና።

ነገር ግን ሲስተሙ በሰዓታት ሲመለስ የሄደው ገንዘብ በሰዓታት አልተመለሰም። ባንኩ በፈቃዱ የሚመልስ እንደማይከሰስ ገለጸ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን መልሱ አሉ። ብዙዎች መለሱ። ስለዚህ ያንን ቀውስ የፈታው ባለሙያው ብቻ አይደለም፤ የሰው ሐቅ አልበላም ብሎ የመለሰ ተማሪ ሁሉ ድርሻ አለው። ኮምፒውተሩ «ውሰድ» ቢልም ሐራም ሐላል አይሆንም።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐለይሂ ሰላም) የግብፅን ጎተራ ኃላፊነት ሲጠይቁ ያቀረቡት ሁለት ነገር ነበር፦ ታማኝ ጠባቂነትና ዕውቀት። ድርቁ ሳይመጣ በደጉ ዘመን እህል አስቀመጡ። የእኛ ባክአፕም ይኸው ነው፤ በሰላሙ ቀን ያልተቀመጠ መረጃ በጭንቁ ቀን አይገኝም። ሰበቡን አድርሶ በአላህ መመካት ማለት ይህ ነው።

«እሱ ባይኖር ኖሮ» መባል ደስ ይላል፤ ግን ለሪያእ የቀረበ ደስታ ነው፤ ሲለምድም ሰው ችግር እንዲፈጠር ያስመኛል። የሚዘልቀው እርካታ ሌላ ነው፦ ከሞጣ ለልጃቸው ብር የላኩ እናት ብሩ ሳይጎድል ሲደርስላቸው። እሳቸው ስምህን አያውቁም፤ አላህ ግን ሌሊቱን ያደርክበትን ያውቃል። ኒያችንን ካስተካከልን ያ ሌሊት ዒባዳ ይሆናል።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።